የመዝገቡ ቍልፍ በማን እጅ ይሁን?

ገንዘብ ከቤት ሲወጣ ደኅና ሁኑ ብሎ አይሰናበትም፤ መውጣቱ የሚታወቀው በመዝገብ ላይ የሰፈረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለታሪክና ለትምህርት ብቻ የተነገረ ምክር አይደለም። ለጤፍ ዋጋ፥ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፥ ለዕድርና ለዕቁብ መዋጮ፥ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለተቀመጠውም ዕቃ የሚያገለግል ነው። ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ስላነሰ ሳይሆን የት እንደ ደረሰ ሁለቱም ስለማያውቁ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህን መዝገብ የሚይዝልን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተገኝቷል። ፕሮግራሙን ማግኘት ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ያልገባን ነገር ሲያጋጥመን ማንን እንጠይቅ፥ እንዴትስ እንጠይቅ በሚለው ላይ ነው። እኛም በቤታችን ካየነው ተነሥተን ስለዚሁ ጉዳይ ለአንባብያን ጥቂት ለመናገር አሰብን።

አስቀድሞ ግን ማንም መሣሪያውን እንዳይፈራው ከወዴት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንሲስካውያን መነኩሴና የሒሳብ መምህር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የመዝገብ አያያዝ በዝርዝር ገለጸ። ሕጉ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ ከወጣበት፥ አንድ ጊዜ ከገባበት። ዛሬ ዴቢትና ክሬዲት የምንለው ይኸው ነው። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1983 እ.ኤ.አ.፥ ስኮት ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ባለቤቱ የቤቱን ወጪ ማስላት እንዳሰለቻት አይቶ ከአንድ ባልደረባው ጋር ኢንቱዊት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኵዊክን የተባለው የቤት ሒሳብ ፕሮግራምም ከዚያ ወጣ። በአገራችን ለሱቅና ለድርጅት ሒሳብ በሰፊው የታወቀው ግን ፒችትሪ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ስሙ ተለውጦ ሴጅ 50 ቢባልም፥ ብዙ ሰው እስከ አሁን በቀድሞው ስሙ ይጠራዋል። እንግዲህ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ሕጉ የጥንቱ የነጋዴዎች ሕግ ነው፤ መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል።

የእኛ ቤት ነገር እንዲህ ነው። እናታችን፥ አባታችን ካረፉ በኋላ፥ አራት ልጆች ያሳደጉት በአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። መዝገባቸው ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። በዱቤ የወሰደ ሰው ስም ከፊቱ ትንሽ መስቀል ይደረግበታል፤ ሲከፍል በስሙ ላይ መሥመር ይሰመርበታል። እናታችን ደብተሩን ሳይገልጡ እንኳ ማን ስንት እንዳለበት፥ የትኛው ወረቀት ሊያልቅ እንደ ቀረበ ይነግሩን ነበር። ይሁን እንጂ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ፤ ሱቁም ለተጨማሪ እሴት ታክስ ስለ ተመዘገበ ከየሽያጩ 15 በመቶውን ለይቶ በየወሩ ማሳወቅ የግድ ሆነ። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ሒሳቡን ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በቤተ ሰብ ተስማማን።

በሰው ጥቆማ የተገኘ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ማታ እየመጣ ይሠራ ጀመር። በሙያው የሚያስነቅፍ ነገር አልነበረበትም፤ እጁ ፈጣን ነበር። ነገር ግን እናታችን አጠገቡ ወንበር ስበው «ልጄ፥ ይህ ምንድር ነው?» ባሉት ቍጥር «እማማ፥ እርስዎ አይጨነቁ፤ ለእኔ ይተዉት» ይላቸው ነበር። ንግግሩ የአክብሮት ነው። ሆኖም ዓመት ሳይሞላ፥ የሱቃቸውን እያንዳንዱን እርሳስ ያውቁ የነበሩት ሴት፥ በገዛ ሱቃቸው እንደ እንግዳ ቆመው «እንደው ለመሆኑ ስንት አለን?» ብለው የሚጠይቁ ሆኑ። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ዕውቀታቸው ግን ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

በግንቦት ወር ወጣቱ ወደ ውጭ አገር የሚሄድበት ዕድል ተገኘለትና ሳይሰናበት ሄደ። የመዝገቡን የይለፍ ቃል የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ የመዝገቡም ቅጂ በእርሱ ፍላሽ ላይ ነበር። ስልኩን ብንደውል አይነሣም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 ቀን እየቀረበ፥ የአሥር ወር ሒሳብ በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ቀረ። ያዳነን የእናታችን የጥንት ልማድ ነው፤ ደረሰኙን ሁሉ በየወሩ በላስቲክ አሥረው በብስኩት ቈርቈሮ ውስጥ ያስቀምጡ ነበርና፥ ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን እንደ ገና ከወረቀቱ ላይ ማንሣት ተቻለ።

በዚህን ጊዜ የረዱን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። እኚህ ሴት ሥራውን ከመቀበላቸው በፊት ያቀረቡት ጥያቄ ስለ ደመወዝ አልነበረም። «እኔ ከኮምፒዩተሩ ፊት አልቀመጥም፤ የምቀመጠው ከጎን ነው» አሉ። ቀጥለውም የይለፍ ቃሉን ባለቤቷ ራሳቸው መርጠው፥ በወረቀት ጽፈው፥ በታሸገ ፖስታ በቤት ውስጥ እንዲያኖሩት፤ በየቅዳሜው ማታም የመዝገቡ ቅጂ በሁለት ፍላሽ ተወስዶ አንዱ በሱቅ፥ ሁለተኛው በቤት እንዲቀመጥ አዘዙ። ታናሽ እኅታችን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች፤ እናታችን ደረሰኙን ያነብባሉ፤ ባለሙያዋ ከጎን ሆነው ይመለከታሉ። ሥራው በመጀመሪያው ወር እጅግ ዘገየ። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ በሦስተኛው ወር እርሳቸው ሳይኖሩ የሚሠራው በዛ።

ስለ አጠያየቅም ያስተማሩን ለማንኛውም ቤት ይጠቅማል። አንድ ነገር ሲያስቸግር «ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ» ብሎ መደወል ለጠያቂም ለተጠያቂም አድካሚ ነው። ይልቁንም አራት ነገር በደብተር ይጻፍ፤ ምን ልንሠራ ፈለግን? ምን ነካን? ምን የሚል ቃል መጣ? ምን ይሆናል ብለን ጠብቀን ነበር? ቃሉ ባይገባን እንኳ እንዳለ መገልበጥ፥ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ብዙ ጊዜ አራቱን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱ ራሱ ይገለጥልን ነበር። ደግሞም ፒችትሪ ለልምምድ የተዘጋጀ፥ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የተባለ፥ በእውነት የሌለ የአትክልት ዕቃ መደብር መዝገብ አብሮት ይመጣል። ያልተረጋገጠውን ነገር ሁሉ በመጀመሪያ በዚያ ላይ እንድንሞክር ታዝዘን ነበርና፥ ያ የሌለ መደብር ስንት ጊዜ ከስሮ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ እኛ እናውቃለን።

ከውጭ የሚገኝ ምክር የማያውቀው የራሳችን ነገርም አለ። ፕሮግራሙ የሚቈጥረው በፈረንጅ ወር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን፥ ማለት ጁላይ 8፥ ይጀምራል። ከወር መባቻቸው ጋር የማይገጥሙ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎችን እንድናበጅ ፕሮግራሙ ስለሚፈቅድ፥ ባለሙያዋ አሥራ ሁለቱን ወራት በእኛ አቈጣጠር ከፈሏቸው። ጳጕሜንንም ከነሐሴ ጋር አያይዘው ከኦገስት 7 እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ አደረጓቸው። ይህን በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መመሪያ ፈልገን ባላገኘነውም ነበር። አገሩን የሚያውቅ ረዳት ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የቤትና የሱቅ ገንዘብ መለየትም እንዲሁ ነው። ከሱቅ መሳቢያ ተወስዶ ለቤት ሽንኵርት የተገዛበት ብር የሱቅ ወጪ አይደለም፤ ባለቤቷ ለራሳቸው የወሰዱት ነው። ከመደርደሪያው ላይ ለልጅ ልጅ የተሰጠው ደብተርም አልተሸጠም። ፕሮግራሙ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የተነገረውን ብቻ ይጽፋል። እናታችን በመጀመሪያ «ከገዛ ሱቄ ለወሰድኩት ደግሞ መዝገብ?» ብለው ተቈጡ። በወሩ መጨረሻ ድምሩን ሲያዩ ግን ዝም አሉ፤ ሱቁ ለካ ሲከስር አልነበረም፤ ቤቱን ሲመግብ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው የባንክ ሒሳብ የማስታረቅ ሥራ የተሠራበትን ማታ ነው። የባንኩ ወረቀትና የእኛ መዝገብ በ900 ብር ተለያዩ። ባለሙያዋ እንዲህ ሲሉ አስረዱ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናልና ያን ፈልጉ፤ ለ2 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቍጥር በተቃራኒው በኩል ገብቶ ይሆናል። 900 ለሁለቱም ይካፈላልና ሁላችንም ማገላበጥ ጀመርን። እናታችን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አሰቡና «የወረቀቱ ነጋዴ ነው፤ እርሱ ከአምስት ሺህ ብር በታች ወስዶብኝ አያውቅም» አሉ። ደረሰኙ ከቈርቈሮው ሲወጣ 5,400 ይላል፤ በመዝገቡ የገባው 4,500 ነበር። ፕሮግራሙ አንዳች አላስጠነቀቀም፤ ዴቢቱም ክሬዲቱም 4,500 ስለ ሆነ ለእርሱ ሁሉ ትክክል ነው። የሁለቱን ወገን እኩል መሆን ይጠብቃል እንጂ እውነቱን አያውቅም። እውነቱን የሚያውቀው ወረቀቱን የገዛው ሰው ነው። በዚያች ማታ እናታችን ወደ ሱቃቸው ተመለሱ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን በስልክ መጠየቅ ተለምዷል። አንድ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ፥ አንድ ሥራ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ለመረዳት ይጠቅማል። ነገር ግን በድፍረት የተሳሳተ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለና፥ ስለ ግብር የሚናገረውን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ሳያረጋግጡ መሥራት አይገባም። የደንበኛንም ስምና ዕዳ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ጎረቤት በዱቤ የወሰደው በእኛ አምኖ ነውና።

የገንዘብ አቅም የሌለው ቤትም ቍልፉ ተሰብሮ በስርቆት የሚዞረውን ቅጂ እንዲገዛ አንመክርም። የእውነት መዝገብ በተሰረቀ ብዕር መጻፍ አያምርም፤ ብልሽት ሲደርስም ሠሪው ኩባንያ አይረዳም። ግኑካሽ የተባለው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ፕሮግራም ያለ ዋጋ፥ በሕግም ተፈቅዶ የሚገኝ ሲሆን፥ ለቤትም ለትንሽ ንግድም ይበቃል። ደመወዝና የወር ወጪ ብቻ ላለው ቤት ግን ኤክሴል፥ ወይም አንድ ጥሩ ደብተር ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ረዳት ስትፈልጉ በዕውቀቱ ብቻ አትመዝኑት። ከጎናችሁ ይቀመጣልን? ስትጠይቁት ያስረዳችኋልን? የይለፍ ቃሉን በእጃችሁ ይተዋልን? ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያስፈልጋችሁ እያነሰ ይሄዳልን? እንዲህ ያለውን ረዳት ካገኛችሁ ዋጋውን ሳታጓድሉ ክፈሉት፤ ምስጋናም አትንፈጉት። በቤታችሁም ሽማግሌ ካሉ፥ ዓይናቸው ቢደክም እንኳ፥ ወንበራቸውን ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አታርቁት። ቍጥሩን ሌላ ቢያነብላቸውም፥ ቍጥሩ የማን እንደ ሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።