በላይ፣ ከማን በላይ?

አዲስ አበባ ላደገ ልጅ በላይ ዘለቀ መጀመሪያ መንገድ ነው። ታክሲ የሚጠበቅበት፣ ቀጠሮ የሚያዝበት መንገድ። ቀጥሎ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ፉከራና ሽለላ ይሆናል፤ ጎፈሬው፣ ጋሻው፣ ቴሌቪዥን ላይ እየዘለሉ የሚያቅራሩት አባቶች። ቀኑ ያልፋል፣ ጋሻው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ በላይም እስከ ከርሞ ተመልሶ መንገድ ይሆናል። ይህን ሰው ማን ሰቀለው ብላችሁ አሥር ጓደኞቻችሁን ብትጠይቁ ግማሾቹ «ጣልያን ነዋ!» እንደሚሏችሁ እወራረዳለሁ።

ጣልያን አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ፈልጎ ያጣው ጣልያን አልሰቀለውም። የሰቀለው የተዋጋለት ባንዲራ የሚውለበለብበት የገዛ መንግሥቱ ነው፤ ጥር 1937 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በአራተኛው ዓመት።

ይህ ነገር ለእኔ የታሪክ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። የእናቴ ወገኖች የቢቸና ሰዎች ናቸው፣ የአባቴ ደግሞ የሞጣ። የእናቴ አያት ከበላይ ጋር ዱር ከርሟል። የአባቴ አያት ከልጅ ኃይሉ በለው ሰዎች ጋር ነበር፤ ኋላም በላይን ሊይዝ ከዘመተው ጦር ጋር ወደ ሶማ ወጥቷል። ማለትም እኔ የከባቢውም የተከበበውም የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ። እናቴ ፊት «በላይ ሸፈተ» ማለት አይቻልም፤ «ተገፋ» ነው የሚባለው። አባቴ ፊት ደግሞ «ተገፋ» ከተባለ የቡናው ሁለተኛ ሳይቀዳ «ማን ገፋው? ደጃዝማች ተብሎ አገር ተሰጥቶት?» ይመጣል። ቢቸናና ሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል በአንድ መንገድ የተያያዙ ከተሞች ናቸው። እኛ ቤት ግን በመሃላቸው ገደል አለ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንሂድበት።

የበላይ አባት ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አሽከር ነበር። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዘለቀም ጌታ የሌለው ሰው ሆኖ ወደ ጎጃም ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ተጣልቶ ተገደለ። ልጁ በአባቱ ደም ቂም ይዞ አደገ፤ ጎልምሶም ሸፈተ። በአገራችን ሽፍትነት ነውር ብቻ አልነበረም፤ ፍርድ ያጣ ሰው የሚይዘው የይግባኝ መንገድም ነበር። ታዲያ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ሲገባ በላይ ዘለቀ ሌላው አርበኛ ገና ሊማር ያለውን ትምህርት ጨርሶ ጠበቀው። የትኛው ዋሻ ውሃ እንዳለው፣ ዓባይ በየት በኩል በእግር እንደሚሻገሩት፣ የትኛው መንደር እህል ሰጥቶ ወሬ እንደማይሰጥ ያውቃል።

ጣልያን በመጀመሪያ ጎጃምን በቀላሉ የያዘው መስሎት ነበር። ኋላ መሣሪያ አስረክቡ ማለት ሲጀምር፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ከነልጁ ዱር ገባ። በ1930 ዓ.ም. አመፁ በጠቅላላው ጎጃም ተቀጣጠለ። ከዚያ በኋላ ጣልያን ማለት ምሽግ ነበር። ደብረ ማርቆስ ምሽግ፣ ቢቸና ምሽግ፣ ሞጣ ምሽግ። ከምሽጉ አጥር ውጭ ያለው አገር የሌላ ሰው ነው።

በቢቸና በኩል ያ ሌላ ሰው በላይ ነበር። እኔን የሚገርመኝም ውጊያው አይደለም፤ የሚዋጋማ ብዙ ነበር። የሚገርመኝ መንግሥት መሥራቱ ነው። ዳኛ ሾመ። ግብር አስገበረ። የተጣላ ዳኝቶ አስታረቀ፣ የሰረቀ ቀጣ። ዓባይን ተሻግሮ ወሎ ውስጥ እስከ ሳይንትና ቦረና ድረስ እጁን ዘረጋ። ማዕረግም ሰጠ፤ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ ሳይቀር። ራስ የሚሾመው እኮ ንጉሠ ነገሥት ነው! የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ላይ ነበሩ። ቢቸና ሹመት ትፈልጋለች፣ ሿሚው የለም፤ በላይ ሾመ። ሰዎቹ «አንተንስ ማን ብለን እንጥራህ?» ቢሉት እናቴ በላይ ብላ ሰይማኛለች፣ እሱ ይበቃኛል አለ ይባላል። ይህን ወሬ የእናቴ ዘመዶች ሲያወሩት የምትሰሙት ኩራት ነው። የአባቴ ዘመዶች ሲያወሩት ደግሞ «ከማን በላይ?» የምትል ትንሽ ሳል ታስከትላለች።

ሳሏን ለመረዳት የዘር ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ታገሡኝ። ጎጃም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አገር ነው። ከልጆቻቸው አንዱ ራስ ኃይሉ ናቸው፤ ጎጃምን ለረጅም ጊዜ ገዝተው፣ በ1924 ዓ.ም. ኢያሱን ከእስር አስመልጠዋል ተብለው የታሰሩት፣ ኋላም ለጣልያን ያደሩት። በሞጣ በኩል ይንቀሳቀሱ የነበሩት ልጅ ኃይሉ በለው የንጉሡ የልጅ ልጅ ናቸው። ነጋሽ በዛብህም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች አርበኛ ሲሆኑ ሕዝቡ «የጌታ ልጅ መጣ» ብሎ ይከተላቸዋል። በላይ የማንም የልጅ ልጅ አልነበረም። የነበረው የሠራው ሥራ ብቻ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ኃይሉን «እሳቸው»፣ በላይን ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መጽሐፉም ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። ፍቅር ነው ይላሉ። ይሁን፣ ፍቅር ይሁን። ግን ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ደጃዝማች አንቱ ሳይባል ሲቀር ነገሩ ፍቅር ብቻ ነው?

አሁን እናቴ የማትወደው ክፍል መጣ።

1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሊወጣ ነው። በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራ፣ ሴትና ሕፃን የተከተለው በሺዎች የሚቆጠር ጦር ወደ ዓባይ ቁልቁል ይወርዳል። መሻገሪያው ሸፈርታክ ነው፤ በላይ በሚገዛው አገር በኩል። የእንግሊዝ መኮንኖች በላይ ገደሉ ላይ ጠብቆ ይመታዋል ብለው ተስፋ አድርገዋል። በላይ ግን አልመታም፤ ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። እንግሊዞቹ በጻፉት ራስ ኃይሉ ሴት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተውለት ነው አሳልፎ የለቀቀው። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም መጥተው እጅ ነሡ። ያመለጠው ጦር በግንቦት ወሎ ውስጥ አጊባር ላይ እጁን ሰጠ።

እናቴ ይህን ስነግራት «የእንግሊዝ ወሬ!» ብላ ዘጋችኝ። እኔ እውነት ነው ብዬ አስባለሁ፣ ቢያንስ ባልመታው በኩል። ሆኖም ይህን ወሬ ብቻውን ይዞ «ባንዳ» ለማለት የሚቸኩል ሰው አልወድም። አምስት ዓመት የተዋጋ ሰው ሚዛን ላይ የሚወጣው በአንድ ሳምንት አይደለም። ደግሞስ ጋብቻው ለምን ፈተነው? የጎደለው ምን እንደሆነ በደንብ ስለሚያውቅ ነዋ! ጠመንጃ አለው፣ አገር አለው፣ ሰው አለው። ዘር የለውም። ራስ ኃይሉ ያቀረቡለት ሙሽራ ብቻ አልነበረችም፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት በር ነበር።

ነጻነት ሲመጣ ሹመቱ ተከፋፈለ። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ለኃይሉ በለው ተሰጠ፤ ራስ ተባሉ። በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ተሰጠው። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ሹመት ነው፤ አባቴ ትክክል ነው። ግን ትናንት ራስ ይሾም የነበረ ሰው ዛሬ ራሱ ደጃዝማች ተብሎ ለሌላ ራስ ታዘዝ ሲባል ምን ይሰማዋል? በዚያ ላይ መንግሥቱ ራሱ እየተቀየረ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአስተዳደር ደንብ የየአገሩን ገዥ ደመወዝተኛ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሠራተኛ አደረገው። ግብሩ ወደ ግምጃ ቤት፣ ሪፖርቱ ወደ አዲስ አበባ። ጃንሆይ ከጦርነቱ በፊትም የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር፤ ለዘመናዊ መንግሥትም ያስፈልጋል። ችግሩ ይህን አዲስ መንግሥት ለመሥራት መጀመሪያ ማፍረስ የነበረባቸው ጣልያን በነበረበት ጊዜ አገሩን ያቆዩትን ትንንሽ መንግሥታት መሆኑ ነው።

በላይ አልታዘዝ አለ። ጦር ተላከበት። ሶማ ተራራ ላይ መሸገ፤ ተከበበ፤ በመጨረሻም ተይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሞት ተፈረደበት፤ ጃንሆይ ወደ እስራት ለወጡለት። እስር ቤት ውስጥ የራስ ኃይሉን ልጅ ልጅ ማሞ ኃይሉን አገኘ። አብረው አመለጡ፤ ወደ ጎጃም ሳይደርሱ ተያዙ። አብረው ተሰቀሉ። በሠርግ ያልተሟላው ዝምድና በገመድ ተሟላ። (ይህን ዓረፍተ ነገር ለእናቴ አታሳዩብኝ።)

በላይ ከጣልያን ጋር የገጠመው ግራዚያኒ ከሊቢያ በመጣበት ዘመን ነው። ሊቢያ ላይ ጣልያን ኦማር ሙክታርን በ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰቀለ፤ ዛሬ ሊቢያውያን ስለ እሱ ሲያወሩ የሚጣሉበት ምክንያት የለም፤ ሰቃዩ ባዕድ ነው። ኬንያ ውስጥ እንግሊዝ ዴዳን ኪማቲን በ1957 ሰቀለ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ናይሮቢ መሃል ሐውልት ቆመለት። የእኛ ሐዘን አስቸጋሪ የሆነው ገመዱ የራሳችን ስለሆነ ነው። «ጠላት ገደለው» ብለን አልቅሰን አንነሳም። ወይ ጃንሆይን መውቀስ አለብን፣ ወይ በላይን፤ ያ ካልሆነ እንደ እኛ ቤት ወሬውን መዝለል። ደርግ ጃንሆይን መውቀስ ስለፈለገ በላይን አነሣው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጎጃም እንደገና ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ስሙ ተመልሶ ዱር ገብቷል። ሁሉም የሚፈልገው በላይ አለው። ዳኛ የሾመውን፣ ግብር የሰበሰበውን፣ ሰው ያስታረቀውን በላይ ሲፈልግ ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው። ያለ ጽሕፈት ቤት፣ ያለ ማኅተም፣ ከምሽግ ማዶ ቦምብ እየወረደበት ሰዎች ፍርዱን ለምን ተቀበሉት? የፈሩት ስንቱ ነው፣ ያመኑትስ ስንቱ? ይህን የሚነግሩን ሽማግሌዎች እያለቁ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ሽለላውን ብቻ ነው የቀዳነው።

አባቴ «መንግሥት ያለ ቅጣት አይቆምም» ይላል። ምናልባት። ግን ስቅላቱ ቢቸናንም ሞጣንም ያስተማረው ነገር ያለ አይመስለኝም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያወጣ ጎጃሜው ነገሩን የገባው በራሱ መንገድ ነው፤ ዛሬ ገቢህን ይገምታሉ፣ ነገ መሬትህን በቃላድ ይለካሉ፣ ከነገ ወዲያ ርስትህ የሌላ ነው። አመፁ የጠነከረው የት ነበር? ቢቸናና ሞጣ። የእናቴም የአባቴም ወገኖች፣ የከባቢውም የተከበበውም ልጆች፣ በዚህኛው በአንድ በኩል ተሰለፉ። ገማቾቹን አባረሩ፤ ፖሊስና ጦር መጣ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በላይን በሰቀለው ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ጥያቄ፦ ማን ያዘናል?

በዚህኛው ጃንሆይ አፈገፈጉ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ጸሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ። አሁንስ ማን ተሰቀለ ብላችሁ እንደሆነ፣ መሪ ሆኖ የሚሰቀል አንድ ሰው አልነበረም፤ ገበሬው ሁሉ ነበር። በላይ ያን ጊዜ በሕይወት ቢኖር ስልሳ ዓመት እንኳን አይሞላውም ነበር።