ዝም ያልንበት መዝሙር

የንባብ ክፍል፦ መኃልየ መኃልይ 5፥10-16

ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶችን ስናስተምር አንዲት እኅት አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችን፦ «ይቅርታ ፓስተር፣ ከተጋባን በኋላ እኔም እሱን ብመኘው ነውር ነው እንዴ?» እጮኛዋ መሬት መሬት አየ። እኛም ቶሎ መልስ አላገኘንም።

ይህን ከየት ተማረችው ብለን ራሳችንን ጠየቅን። በአገራችን ወንድና ሴት በፍቅር ምን እንደሚመስሉ አብዝቶ ያስተማረው ዘፈን ነው። አማርኛችንም አይደብቅም፤ «ናፈቅሽኝ» ሲባል ሴት፣ «ናፈቅኸኝ» ሲባል ወንድ እንደተጠራ ሕፃን ያውቃል። በብዙዎቹ ዘፈኖች ወንዱ ያያል፣ ይለምናል፤ የሴቲቱ ዓይን፣ አንገትና ወገብ ይቆጠራል። እርግጥ እነ አስቴር አወቀ ሴትም እንደምትናፍቅ አሰምተዋል። እኛ ግን ለሁሉም አንድ መልስ ነበረን፤ ገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» የሚለውን ጠቅሰን ሬዲዮኑን ማስዘጋት። ቃሉ በግሪኩ የስካር ፈንጠዝያን እንደሚያመለክት በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምረናል፤ ከመድረክ ግን አልተናገርነውም።

ተወዳጆች ሆይ፣ ዘፈን ሁሉ ንጹሕ ነው አንልም። የሰውን ገላ እንደ ገበያ ዕቃ የሚያቀርብ አለ፤ ወጣቶቻችን ይለዩት። ነገር ግን ከልክለን በቦታው ምን ሰጠናቸው?

መኃልየ መኃልይ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ነው። ፍቅሯን በመናገር የምትጀምረው ሴቲቱ ናት (1፥2)። በ4ኛው ምዕራፍ እርሱ ውበቷን ይዘረዝራል፤ በ5ኛው ደግሞ እርሷ በተራዋ ከራሱ ጀምራ እስከ እግሩ የእርሱን ትናገራለች። እኛ ይህን ለዓመታት የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ብቻ አድርገን ሰበክን፤ ባልና ሚስትን ዘለልናቸው። ያው መጽሐፍ ፍቅርን ያለ ጊዜው እንዳንቀሰቅስ ሦስት ጊዜ ያስጠነቅቃል (2፥7፤ 3፥5፤ 8፥4)። ናፍቆቱም ልጓሙም እዚያው አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት 5ኛውን ምዕራፍ ለሁለቱም አነበብንላቸው። እኅታችን ቀና ብላ «ይህ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?» አለች። ነበር። ዝም ያልነው እኛ ነን።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ መልካም አድርገህ የፈጠርኸውን ነውር ስላስመሰልን ይቅር በለን። ልጆቻችን ከሌላ ሳይሰሙት በፊት እውነቱን የምንነግርበት ድፍረት ስጠን። አሜን።