ስምንት ማዕዘን ፍለጋ መርካቶ

ጎበዝ፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ መጫወቻ ይዤ ወለል ላይ ስቀመጥ «ይሄ ልጅ ለየለት!» ያሉ አልጠፉም። ቆይ፣ ምክንያቱን ስሙኝ።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ ዐረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት አለፋት። ስትደውል «ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። ረስቷታል ብዬ ሰጋሁ። ባለፈው አንድ ካርቶን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ ላከችለት። መኪና ይሠራል ስል፣ «አጎቴ፣ ጊዮርጊስን እንሥራላት» አይለኝም! ወር በገባ በ23 እጁን ይዛ የምትወስደው አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ?

ጀመርን፤ ተጣበቅን። ካቴድራሉ ስምንት ማዕዘን ነው። ጡቡ ግን ወይ ቀጥ ይላል ወይ እንደ ሳጥን ይታጠፋል እንጂ ገደድ ማለት አያውቅም። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ ጡቡ አለቀ። መፍትሔው? መርካቶ!

ቅዳሜ ጧት ምናለሽ ተራ ገባን። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ጣሳ ተከምሯል። የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ተሸካሚው «ዞር በል!» ሲል ልጁን ወደ እኔ ሳብ፣ ኪሴን ያዝ!

አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከአሮጌ መጫወቻ መሐል ጡብ አወጡልን። ልብ በሉ፦ ሁለቱን ገጥማችሁ የላይኛውን ብቻ ይዛችሁ አንሡ፤ የታችኛው ከወደቀ አትግዙ። ዋነኛው የዴንማርኩ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1958 ያስመዘገበው ጡብ ዛሬ ከሚያመርተው ጋር ይገጥማል። ቅይጥ ሥሪት ግን ሁሌ አይግባባም።

«ለምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉት።

«ለጊዮርጊስ» አለ።

ሰውየው ሙስሊም ናቸው፤ ሳቅ አሉ። «አባቴ የነገደው እዚያ ሥር ነው» ብለው ጭማሪ ዘገኑለት።

እውነታቸውን ነው። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን የመሠረተው። ምኒልክ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ያሠሩትን ካቴድራልም በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጥለውት፣ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። ለካስ ጡብ ልንገዛ የሄድነው ከጊዮርጊስ ደጅ የተነሣው ገበያ ውስጥ ነው!

ማዕዘኑንስ? ከካርቶን 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከየጥጉ በሁለቱም በኩል 11.7 ለክታችሁ ጥጉን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ወደ 16.6 የሚጠጉ ስምንት እኩል ጎኖች ይቀራሉ። ግድግዳውን ለየብቻ ገጥማችሁ በየጎኑ በማጣበቂያ አቁሙ። ጉልላቱን ከወተት ጣሳ ክዳን ሠራነው።

ፎቶውን ላክን። ወዲያው ደወለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ማሙሽዬ፣ በየትኛው በር ነበር የምንገባው?» አለችው። ሳያመነታ በጣቱ አሳያት። «እዚህ ጋ ነጠላሽ ስር እደበቅ ነበር፣ አልረሳሁም» አለ። ያን ቀን ስልኩን የሰጠኝ ባትሪው ሲያልቅ ነው።

እናማ ወዳጆቼ፣ እናቱ ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ቤታችሁ ካለ «አናግራት» ብላችሁ ስልክ ብቻ አታስይዙት። የሚያወራላት ነገር አብራችሁት ሥሩ። ሰፈሩ ቢስቅ ይሳቅ!