ዲሽዋሸሩ አልሞተም፤ ማጣሪያው ነው የታፈነው

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ቤት ገብቶ ወጥ ቤቱን ያስተዋለ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ያውቃል። ዲሽዋሸሩ ዕቃ አያጥብም፤ ዕቃ ያስቀምጣል። በሩ ሲከፈት ድስቱ፣ ትሪው፣ የበዓል ሲኒው ተደርድሮ ይገኛል። ሳህኑ በእጅ ይታጠብና እንዲንጠፈጠፍ እዚያ ይገባል። ጨዋታው ሲነሳ ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም "የእኛም ቤት እንዲሁ ነው" ይላል።

ለዚህ ሦስት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው "በእጅ ካልታሸ አይጠራም" የሚለው እምነት ነው። ሁለተኛው "ውሃ ይፈጃል" የሚለው ስጋት ነው። ሦስተኛው ብዙም አይወራም። ማሽኑ አንድ ቀን ቆመ፣ "ተበላሸ" ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ከፍቶ አላየውም።

የውሃው ስጋት በቁጥር ሲታይ አይቆምም። ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጥ መደበኛ ዲሽዋሸር በአንድ ዙር ከ5 ጋሎን፣ ማለትም ከ19 ሊትር ገደማ በላይ እንዳይፈጅ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። የወጥ ቤት ቧንቧ ደግሞ በደንብ ከተከፈተ በደቂቃ 2 ጋሎን ገደማ ያፈሳል። ቧንቧውን ለቅቆ ሦስት ደቂቃ የቆመ ሰው ማሽኑን ቀድሞታል ማለት ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ሦስተኛው ምክንያት ላይ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የክርስትና ድግስ በደገሱ ማግስት ዲሽዋሸራቸው ቆመ። ከታች ቅባት የተንሳፈፈበት ጥቁር ውሃ አቁሯል፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ባል ስልክ ደወለ። ጠጋኙ መጥቶ ለማየት ብቻ የሚጠይቀውን ሒሳብ ሲሰማ "በዚህ ላይ ጥቂት ጨምሬ አዲሱን ብገዛስ?" አለ። ያን ሳምንት ሚስት ከሥራ እየመጣች ማታ ማታ ዕቃ ስታጥብ ከረመች።

ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት የሚስት አባት ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዲሽዋሸር የሚባል ነገር ከዚያ በፊት ነክተው አያውቁም።

"አባባ፣ ኤሌክትሪክ አለው፤ ይቅርብዎት" አላቸው አማቻቸው።

"እሱማ ብሬከሩን አጥፋልኝና ነዋ፣ ልጄ።"

ብሬከሩ ጠፋ። ውሃው በኩባያ ተቀድቶ በፎጣ ተመጠጠ። የታችኛው መደርደሪያ ሲወጣ ወለሉ ላይ አንድ ክብ ነገር ታየ፤ ወደ ግራ ሲዞር ተነቀለ። ማጣሪያው ነበር። አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች እንዲህ በእጅ የሚወጣ ማጣሪያ አላቸው። ውስጡ ያበጠ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የሎሚ ፍሬ፣ የረጋ የወጥ ቅባትና አንድ የብርጭቆ ስባሪ ተገኘ። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ታጠበ። ተመልሶ ገባ። ማሽኑ ሠራ።

ከአምስት ዓመት በላይ በቤታቸው የቆየ ማሽን ነው። ማጣሪያ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ቤት ብቻውን አይደለም። ዲሽዋሸር ቆመ ከሚባልባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ውሃው አልወጣ ካለ ከማጣሪያው ቀጥሎ የሚታየው ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ያለው የማፍሰሻ ጎማ ነው፤ ከኋላው ዕቃ ተገፍቶበት ሊታጠፍ ይችላል። የምግብ መፍጫው አዲስ ከተገጠመ ደግሞ ከፋብሪካው ጋር የመጣው መድፈኛ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል፤ ውሃው መሄጃ ያጣል።

ውሃ አልገባ ካለ ከገንዳው ሥር ያለው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይታያል። ከዚያ ማሽኑ ወለል ላይ ያለችው ትንሿ ተንሳፋፊ ክዳን ትነካለች። ማንኪያ ገብቶባት ከፍ ብላ ከቀረች ማሽኑ "ሞልቻለሁ" ብሎ ያስባል፣ ውሃ አያስገባም።

ዕቃው ሳይጠራ ከወጣ ውሃ የሚረጩት ተሽከርካሪ ክንዶች ይወጣሉ። ቀዳዳዎቻቸው በፍርፋሪ ወይም በኖራ ይደፈናሉ፤ በጥርስ መፈለጊያ እንጨት ይከፈታሉ። ትልቅ ድስት ክንዱን ዞሮ እንዳይሄድ ከከለከለው ደግሞ ጥፋቱ የደረዳሪው እንጂ የማሽኑ አይደለም። ብርጭቆው ነጭ ጭጋግ ከለበሰ ብዙ ጊዜ ውሃው ኖራ የበዛበት ነው። ማሽኑን ባዶውን ከሲትሪክ አሲድ ጋር ማዞር ይረዳል። አሲዱ ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይገናኝም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አረፋ ወለሉን ካጥለቀለቀ ምናልባት ልጅ ወይም እንግዳ የእጅ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮበታል። ጭራሽ አልነሳ ካለ በሩ በደንብ መዘጋቱ፣ የልጆች መቆለፊያው አለመበራቱና ብሬከሩ አለመውረዱ ይታያል።

ድንበሩም መታወቅ አለበት። የኤሌክትሪክ ሰሌዳው፣ የማሞቂያው ሽቦ፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ የባለሙያ ነው። ተከራይ ደግሞ በራሱ ኪስ ከመጠገኑ በፊት ውሉን ያንብብ። ዲሽዋሸሩ ከቤቱ ጋር የተከራየ ከሆነ ለአከራዩ በጽሑፍ ያመልክት፤ ብዙ ሐበሻ "ያስቸግረኛል ይሉኛል" ብሎ ይሉኝታ ይዞት የራሱን መብት በእጁ እያጠበ ይኖራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማወቅ ለምን ከባድ ሆነ? ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ሲታሰብ ነገሩ ይገርማል። መርካቶ ራዲዮ፣ ምጣድ፣ ካውያ፣ ጃንጥላ ሳይቀር የሚጠገንበት፣ የማይጠገነውም በቆራሌው ሌላ ኑሮ የሚጀምርበት አገር ልጆች ናቸው። ባሕር ሲሻገሩ ያ ዓይን ለምን ይከደናል? ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ጊዜ የለውም፤ አንድ። የጠጋኝ ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለት። ሦስተኛው ግን የሰውየው ስንፍና አይደለም። ማሽኑ የሚሠራው እንዳይከፈት ተደርጎ ነው። ስህተቱን በኮድ ይናገራል፤ የኮዱን ትርጉምና መለዋወጫውን ብዙ ጊዜ አምራቹ ለራሱ ሰዎች ይዞ ቆይቷል።

መንግሥታት ይህን ማየት ጀምረዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 1 ቀን 2021 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ዲሽዋሸር አምራቾች እንደ ማጣሪያ፣ የሚረጭ ክንድ፣ የበር ማጠፊያና ማሸጊያ ጎማ ያሉ ክፍሎችን የመጨረሻው ማሽን ገበያ ከወጣ በኋላ ለ10 ዓመት ለተራ ተጠቃሚም ጭምር ማቅረብ አለባቸው። ሞተርና ፓምፕን የመሳሰሉት ለባለሙያ ጠጋኞች ለ7 ዓመት ይቀርባሉ። ዕቃው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። በአሜሪካም ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ የቤት ዕቃን የሚጨምር የመጠገን መብት ሕጋቸውን ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውለዋል። እዚህ ላይ ለመደራጀት የማይሰንፈው ዲያስፖራ ለዚህ ዓይነቱም የኪስ ጉዳይ የየግዛቱን ተመራጭ መጠየቅ ይችላል።

ሕግ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ ጎንበስ ብሎ ማጣሪያ አይነቅልም። ያ የቤቱ ሰው ሥራ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ በድፍረት መነገር ያለበት ነገር አለ። በብዙ ቤት የማሽኑን ሞት የሚያውጀው አባወራው ነው፤ ሐዘን የሚቀመጠው ግን የእመቤቲቱ እጅ ነው። "ተበላሸ" የምትለው አንዲት ቃል ለአንዱ የአንድ ደቂቃ ውሳኔ ናት፤ ለሌላዋ በየቀኑ የአንድ ሰዓት ቁመት። ልብ መባል ያለበት፣ ለሥራ በዋለው ዲሽዋሸር ታሪክ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክሬን ናት፤ በ1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝታበታለች። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሄዶ፣ ማሽኑ ቤት ውስጥ እያለ፣ በአንድ የታፈነ ማጣሪያ ምክንያት ሴትየዋ ወደ ገንዳው ብትመለስ ምን ይባላል?

እና ማሽን ሲቆም ሐኪም ሳያየው ለቅሶ አይቀመጥም። ብሬከር ማጥፋት፣ መደርደሪያ ማውጣት፣ ማጣሪያ ማጠብ፣ ጎማውን ማየት፤ ሁሉም ተደምሮ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ያልቃል። ካልሠራ ያኔ ባለሙያ ይጠራ። ያንን ሳያደርጉ አዲስ ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ገንዘቡም ሳይወጣ፣ ማሽኑም ሳይታይ፣ ሳህኑን ለአንድ ሰው እጅ ትቶ ሶፋ ላይ መቀመጥ ግን ከማባከንም የባሰ ነው።