ስለ ደጀንነት

ሰው በተፈጥሮው ፊተኛ መሆንን ይወዳል። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ፣ ተማሪ ለፈተና ሲቀመጥ፣ ነጋዴ ገበያ ሲወጣ፣ የሁሉም ሐሳብ ከሌላው ቀድሞ መገኘት ነው። ይህ ምኞት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰነፉን ያነቃል፤ የተኛውንም ይቀሰቅሳል። ዳሩ ግን ሁሉም ፊት ፊቱን ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ከኋላ የወደቀውን የሚያነሣው ማን ነው? አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ስለ ተረዱ፣ ፊት ለፊት ለሚዋጋው ጦር ከኋላ ሆኖ ኀይል የሚሆነውን ክፍል ደጀን ብለው ጠሩት። ደጀን የሌለው ጦር ቢያሸንፍ ድሉን አያጸናም፤ ቢሸነፍም የሚጠጋበት የለውም። የአገራችን ከፍተኛ ተራራም ይህንኑ ቃል በስሙ ይዞ ራስ ደጀን ይባላል። እኔም ስለ ደጀንነት እዚህ የምጽፈውን ትምህርት ያገኘሁት ወደዚሁ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሡ 18 ወጣቶች፣ 11 ወንዶችና 7 ሴቶች፣ ወደ ስሜን ተራራዎች ለመሄድ ቆረጡ። በአንድ ሰፈር አብረው ያደጉና በራሳቸው ፈቃድ ማኅበር የመሠረቱ ናቸው። አንዳንዱ ልጅ በማስጠናት፣ አንዳንዱ በሱቅ በመሥራት ካገኛት ጥቂት ገንዘብ በየወሩ እያዋጣ፣ ለስምንት ወር ያህል አጠራቅመው ነበር። ወላጆቻቸው በዕድሜ የበሰለ ሰው አብሯቸው ካልሄደ አንፈቅድም ስላሉ፣ ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያስተማርሁ እኔ ተመረጥሁ። የልጆቹ ዓሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የራስ ደጀንን ጫፍ መርገጥ ነው።

ስሜንን ላላየ ሰው ስለ ስሜን መንገር ቀላል አይደለም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው በምድር ላይ የቆመ ግንብ የሚመስል ገደል ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶ እየሆነ ሣሩን ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ለመኝታው ወደ ገደሉ ይወርዳል። በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ የዱር መኖሪያ የሌለው ዋልያ፣ ሰው እግሩን ሊያኖርበት በሚፈራው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ይታያል። ጓሳው ሜዳውን ሸፍኖታል። በጓሳውም መካከል ጅብራ የሚባለው ተክል እንደ ዘበኛ ቆሟል። ይህ ተክል አያሌ ዓመታት በብርድና በውርጭ ሲያድግ ኖሮ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ዘሩን ይሰጥና ይደርቃል። ለሚያስተውል ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ትላንት ዘርቶ ዛሬ ማጨድ ለሚሻ ወጣት ደግሞ ይበልጡን።

ይህ ቦታ በሕግ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየተመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ በመሄዱ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከብዙ ድካም በኋላም በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ይህ በወረቀት ላይ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ከተማ መግባታቸውን ስናስብ፣ ለአገር የመጣው ክብር በእነማን ጫንቃ ላይ እንደ ተጫነ እንረዳለን። ለጎብኚው ደስታ፣ ለአገርም ስም፣ ከኋላ ደጀን የሆነ ሰው አለ።

የተራራን ነገር የሚያውቁ ሰዎች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር አለ። ሰው ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ4,500 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ በቆላና በወይና ደጋ የኖረ ሰው በችኮላ ቢወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ይህን ምልክት ንቆ ወደ ላይ ከገፋ፣ በሳንባው ወይም በአንጎሉ ውኃ ይቋጥርና እስከ ሞት ያደርሰዋል። ሕመሙ ብርቱና ደካማ አይመርጥም፤ ሯጩን ጥሎ ሽማግሌውን ሊያሳልፍ ይችላል። ዋና መድኀኒቱም ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታውን ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር አስበልጦ አለመጨመር ይመከራል። እኛም ይህንኑ አክብረን በደባርቅ፣ ቀጥሎ በ3,250 ሜትር ላይ ባለው በሳንቃ በር፣ ከዚያም በግጭና በጨነቅ አደርን። መንገድ መሪያችን የደባርቅ ሰው፣ በየማታው ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ራሱን ያመመው ሰው ይንገረኝ፤ ተራራ ላይ ሕመምን መደበቅ ጀግንነት አይደለም» ይላቸው ነበር።

ከወጣቶቹ መካከል አንድ ብርቱ ልጅ ነበር። በሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ አጥቂ ነው። በመንገዱ ሁሉ ፊተኛ እርሱ፤ ዳገቱን ወጥቶ ተመልሶ የደከመውን ሰው ከረጢት የሚሸከም እርሱ ነበር። በዚህ ሁሉ ጓደኞቹ ያደንቁታል። በተቃራኒው ደግሞ ዘወትር ከሁሉ ኋላ የምትመጣ ቀጭን ልጅ ነበረች። እርሷ ከበቅሎ ነጂው ሽማግሌ ጋር እየተጫወተች፣ ስለ ሣሩና ስለ ወፉ እየጠየቀች፣ በቀስታ ትራመዳለች። አንዳንዶቹ፣ «አንቺን ስንጠብቅ ክረምት ሊገባ ነው» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ሽማግሌው ግን፣ «ተይ ልጄ፣ አትስሚያቸው፤ ተራራ የሚወጣው በሳንባ ሳይሆን በልክ ነው» ይሏታል።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ከጨነቅ ተነሥተን ወደ ቧሂት መሻገሪያ ወጣን። መሻገሪያው 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ ወዲያ ቍልቍል ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ አምቢቆ አድሮ፣ በማግስቱ ራስ ደጀንን መውጣት ነበር አሳባችን። ወደ መሻገሪያው ስንቃረብ ቀጭኗ ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርሱን እዩት፤ ዛሬ ፊት አይደለም» አለችኝ። ቀና ብዬ ባይ እውነትም ያ ብርቱ ልጅ ከሰልፉ መካከል ገብቷል። እግሩን ሲያነሣ እንደ ሰከረ ሰው ያወላግደዋል። መንገድ መሪው ጠርቶ ቢጠይቀው፣ «ደኅና ነኝ» አለ። ወዲያው ግን ድንጋይ ተደግፎ አስመለሰው። በኋላ እንደ ተናገረው፣ ከግጭ ጀምሮ ራሱን ሲያመው፣ ሌሊትም ሳይተኛ ሲያድር ኖሮ፣ ሐፍረት ይዞት ዝም ብሏል።

መንገድ መሪው ጊዜ አላጠፋም። «እርሱ አሁኑኑ ይወርዳል፤ በዚህ ክርክር የለም። ረዳቴ ከእርሱ ጋር ይመለስ፤ እኔ የሚቀጥሉትን እመራለሁ። ነገር ግን ልጁ የሚያውቀው ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ማን አብሮት እንደሚወርድ እናንተ ተነጋገሩ» አለ።

እነሆ ፈተናው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ስምንት ወር ሙሉ ከአፋቸው ነጥቀው ያጠራቀሙት ለዚያ ጫፍ ነበር፤ ዳግመኛም ዕድሉ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። አንዱ፣ «ጋሼ አሉለት አይደል፤ ረዳቱም አለ» አለ። ሌላው፣ «ሁላችንም እንመለስ» ቢልም ድምፁ ልቡ እንዳልፈቀደ ይናገር ነበር። እኔ ከሕመምተኛው ጋር መውረዴ የታወቀ ስለሆነ፣ በልጆቹ ምክር ውስጥ መግባት አልፈለግሁም። ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልሰጠው ስጦታ ስጦታ አይባልምና።

በመጀመሪያ የተናገረችው ያቺ ቀጭን ልጅ ናት። «እኔ እወርዳለሁ» አለች። «ዛሬ ስለ ደከመኝ አይደለም፤ መውጣት እችላለሁ። ነገር ግን እርሱ ከረጢቴን ሁለት ቀን ተሸክሞልኛል።» ከዚህ ቃል በኋላ ጥቂት ዝም ተባለ። ቀጥሎ የተነሣው ማንም ያልጠበቀው ልጅ ነበር፤ ከሕመምተኛው ጋር ስለ ኳስ ዘወትር የሚነታረክ፣ ባለፈው ዓመትም እስከ መኳረፍ ደርሰው የነበሩት ልጅ። ምንም ሳይናገር የታመመውን ብብቱን ይዞ አነሣው። በቅሎ ነጂው ሽማግሌም ከአንዲቱ በቅሎ ላይ ጭነቱን አራግፈው ለሌሎቹ አከፋፈሉና፣ «በል ልጄ፣ ውጣ፤ ሰው የወደቀ ዕለት በቅሎም ዘመድ ነው» አሉት። አሥራ አምስቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኛ ቍልቍል ተመለስን።

ጨነቅ ድረስ መኪና ስለሚገባ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ ወሰድነው። ወደ ታች በወረድን ቍጥር የልጁ ዐይን ይበራ፣ ንግግሩም ይቃና ጀመር። በማግስቱ ምግብ በላ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ያለቀሰውም ተራራው ስለ ቀረበት ብቻ አልነበረም። «እናንተንም አስቀረኋችሁ» ሲል፣ ያ የሚነታረከው ልጅ፣ «ተራራው የትም አይሄድም፤ አንተ ግን ልትሄድ ነበር» ብሎ መለሰለት። ከዚህ የተሻለ ስብከት በዕድሜዬ ብዙ አልሰማሁም።

አሥራ አምስቱ ጫፉን ረግጠው በደኅና ተመለሱ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ክርክር የተነሣው ባሕር ዳር ከገባን በኋላ፣ የጉዞው ታሪክ በማኅበሩ መዝገብ በሚጻፍበት ዕለት ነው። አንዳንዶቹ ለፍቅር ሲሉ፣ «18ታችንም ወጣን ተብሎ ይጻፍ» አሉ። ሌሎቹ፣ «መዝገብ ሐሰት አይጻፍበትም» አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገሩት ከመልካም ልብ ነው፤ ነገር ግን ፍቅር ሐሰትን መሠረት ካደረገ ቤቱ አይጸናም። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ሁለት ረድፍ አሰመረች። በአንዱ ላይ «የወጡ» ብላ የአሥራ አምስቱን ስም፣ በሁለተኛው ላይ «ያወጡ» ብላ የሁለቱን ስም ጻፈች። ሕመምተኛው ልጅም፣ «የእኔን ለብቻው ጻፉት፤ ሕመሙን ደብቆ ነበር በሉ፤ ከእኛ በኋላ የሚሄዱት ያንብቡት» ብሎ ለመናቸው። እንደ ቃሉም ተጻፈ። በእኔ ግምት በዚያ መዝገብ ላይ ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ ይህ መስመር ነው።

የመንገደኞች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያስበው የወጡትን ነው። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀንን መውጣታቸው ተጽፎ ይገኛል። ጓዝ የጫነ፣ መንገድ ያሳየ፣ ሌሊት እሳት ያነደደ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ እምብዛም ስም የለውም። በቤታችንም እንደዚሁ ነው። አንዱ ልጅ ተምሮ ትልቅ ሰው ሲሆን ስሙ ይጠራል። ትምህርቷን አቋርጣ ታናናሾቿን ያሳደገች ታላቅ እኅት ግን ከኋላ ትቀራለች። በመሥሪያ ቤት፣ በዕድር፣ በአገርም ሥራ ሁሉ «የወጡ» የሚለው ረድፍ ሙሉ ነው፤ «ያወጡ» የሚለው ግን ገና አልተሰመረም።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ተራራ ውጣ፤ ፊተኛ ለመሆንም ጣር። ጉልበት ሲኖርህ የሌላውን ሸክም ተሸከም፤ ጉልበትህ ሲከዳህም ሳታፍር ተናገር፤ ሸክም መቀበልን የማያውቅ ሰው መሸከምንም ፈጽሞ አላወቀምና። በመንገድህም አልፎ አልፎ ዞር እያልህ የኋለኛውን ሰው ተመልከት፤ ፊቱ የጠቆረ፣ እርምጃው የተወላገደ እንደ ሆነ ጫፉ ቢቀርብህም ተመለስ። ተራራው በቦታው ይቆይሃል፤ የሰው ሕይወት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል በሜዳ ላይ ሲነገር ምሳሌ ይመስላል፤ በ4,200 ሜትር ላይ ግን የመዳንና የመሞት ጉዳይ ነው።