አስታማሚ የሚለወጠው መቼ ነው?

አንባቢ ሆይ፥ አረጋዊ ዘመድህን ለሰው እጅ አደራ ሰጥተህ ታውቃለህን? ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው፥ ብርዷ በሚበረታው በጫጫ፥ አያቴ የአልጋ ቁራኛ በሆኑበት ዘመን እኔ ይህን አድርጌአለሁ። አስታማሚያቸው ደግና ታማኝ ሴት ነበረች። ልጠይቃቸው ስሄድ ቤቱ ተጠርጎ፥ ምድጃው ሞቆ አገኛለሁ፤ አያቴም «ተመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ግን ጋቢያቸውን ሳስተካክል ዳሌያቸው ቆስሎ አየሁ። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ሳይገላበጥ ሲቀር፥ አጥንቱ የተጫነው ገላ ደም አጥቶ ይቆስላል፤ ስለዚህ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑን ማስለወጥ ያስፈልጋል። አስታማሚይቱን ብጠይቃት አለቀሰች፤ ለካ ብቻዋን ማንሣት ቢያቅታትም፥ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ሳትነግረን ኖራለች። እኔም አዝኜላት፥ ይሻሻላል በማለት አንድ ወር አዘገየሁ፤ በዚያ ወር ቁስሉ ጠለቀ። በመጨረሻም ደመወዟን ከምስጋና ጋር ሰጥተን፥ ጉልበት ያላት ሌላ አስታማሚ ቀጠርን፤ ቁስሉ ግን እስኪድን ብዙ ወራት ፈጀ።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው፤ ጉድለቱ ካለማወቅ ከሆነ አስታማሚውን አስተምረው፤ ከድካም ከሆነ አግዘው፤ ይህም ተደርጎ ካልታረመ ሳትዘገይ ለውጠው። አረጋዊው አስታማሚው ሲገባ የሚሸማቀቅ ከሆነ ግን አንዲት ቀን እንኳ አትጠብቅ። ለአስታማሚው ማዘን መልካም ነው፤ በርኅራኄህ የሚጎዳው ግን የአልጋ ቁራኛው እንዳይሆን ተጠንቀቅ። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል ሰምተህ ብቻ አትመለስ፤ ጋቢውን ገልጠህ እይ።