ለጋሻ ጃግሬው ጥብቅና

አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ለዚያውም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው፣ ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ ምን አስጨነቀው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ስንኝ ስቋጥር አመሻለሁ። ከሁለቱ የተረፈችኝን ሰዓት ደግሞ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለተባለው ጨዋታ ሰጥቻለሁ። በዚያም ውስጥ ብዙዎች የሚንቁትን ሙያ መርጬ ይዣለሁ። ዛሬ ስለዚያ ሙያ ጥብቅና የምቆመው ነገሩ ከጨዋታው አጥር ውጭም የሚያጋጥመን ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ጥቂት ላስረዳ። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ነው። እኔ የገባሁበት ግን ኩባንያው የጥንቱን መልክ ሳይለውጥ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 እንደገና በከፈተው ነው፤ ክላሲክ ይሉታል። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ሙያ ይሰጠዋል፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ አዳኝ፣ ካህን እያለ ሙያው ዘጠኝ ነው። እያንዳንዱ ሙያ ደግሞ ሦስት ዘርፍ አለው። ከ10ኛው ደረጃ እስከ 60ኛው ድረስ በየደረጃው አንድ ነጥብ ይገኛል፤ ድምሩ 51 ይሆናል። ነጥቡን በየትኛው ዘርፍ ላይ እንደሚያውለው የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

የካህኑ ሦስት ዘርፎች ሆሊ፣ ሻዶው እና ዲሲፕሊን ይባላሉ። ሆሊ የቆሰለውን ይፈውሳል። ሻዶው በጨለማ ኃይል ጠላትን ይወጋል። ዲሲፕሊን ደግሞ ጉልበት ይቆጥባል፣ ጋሻ ያጠነክራል፣ ያለውን ኃይል ለሌላው ያውሳል። የእኔ ዘርፍ ይህ የመጨረሻው ነው።

ዋነኛ መሣሪያዬ ጋሻው ነው። 60ኛ ደረጃ የደረሰ ካህን በጓደኛው ላይ የሚዘረጋው ጋሻ ለ30 ሰከንድ ይቆያል፤ መነሻው 942 የሆነ ጉዳትም ይውጣል። ጋሻ የተዘረጋለት ሰው «የደከመች ነፍስ» የሚል ምልክት ያርፍበትና 15 ሰከንድ ሳያልፍ ሌላ ጋሻ አይቀበልም። ስለዚህ ካህኑ ቀጥሎ የሚመታው ማን እንደሆነ፣ ዱላው መቼ እንደሚወርድ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። 31 ነጥብ በዘርፉ ላይ ያዋለ ካህን ደግሞ ሌላ ስጦታ አለው፤ አንድን አስማተኛ ለ15 ሰከንድ በአስማት የሚያደርሰውን ጉዳት በ20 በመቶ ያበረታለታል። ስጦታውን ደግሞ ለመስጠት 3 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። በእነዚያ 15 ሰከንዶች የተጨመረው ጉዳት ሁሉ የሚጻፈው በአስማተኛው ስም ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ መጻፍ ነው። በትልቁ ዘመቻ አርባ ሰው በአንድነት ይዘምታል፤ ለምሳሌ ሞልተን ኮር ወደተባለው የእሳት ዋሻ፣ መጨረሻውም ራግናሮስ ወደሚባለው የእሳት ጌታ። ውጊያው ሲያበቃ ሰንጠረዥ ይወጣል። ማን ስንት ጉዳት አደረሰ፣ ማን ስንት ቁስል ፈወሰ፣ ሁሉም ከላይ ወደ ታች በቁጥር ይደረደራል። የእኛ ማኅበር የሚያየው ሰንጠረዥ የፈውስ ዓምድ እንጂ የጋሻ ዓምድ አልነበረውም። ስለዚህ ስሜ ዘወትር ከፈዋሾቹ ግርጌ ይገኝ ነበር። አንድ ምሽት የማኅበሩ መሪ ጠራኝና በጨዋ አነጋገር ምርጫ ሰጠኝ፤ ወይ ነጥቦቼን አንሥቼ ወደ ሆሊ ላዛውር፣ ወይ ቦታዬን ለሌላ ልልቀቅ። ዘርፍ መቀየር ዋጋው ቢበዛ 50 ወርቅ ነው፤ ያን ያህል ወርቅ አላጣሁም። እምቢ ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ይህ ነው። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ቁስል ከተከፈተ በኋላ የተዘጋውን ነው። ጋሻ ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ቁስሉ ከመነሻው የለም፤ የሚዘጋም፣ የሚቆጠርም አይኖርም። አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉትን በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስናነብ አድገናል። ሆኖም ያልታመመውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ታክሞ የዳነው መዝገብ አለው፤ ሳይታመም የዋለው መዝገብ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሰንጠረዡ በፈዋሾቹ ጠባይ ላይ የሚያደርሰው ነው። በቁጥር እንደሚመዘን ያወቀ ፈዋሽ ቁስለኛውን ከማዳን ይልቅ ከባልደረባው ቀድሞ ማዳንን ያስባል። አንድ ጦረኛ ትንሽ ሲቧጨር ሦስት ፈዋሽ በአንድ ጊዜ ይረባረብበታል። የአንዱ ፈውስ ቁስሉን ይሞላል፤ የሁለቱ እንዲያው ይፈስሳል። ማና የሚሉት የካህኑ ስንቅ በዚህ ሽሚያ ያልቅና፣ ውጊያው ሲከር፣ እውነተኛው ቁስለኛ በወደቀ ጊዜ የሁሉም እጅ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ስንቁን የቆጠበ ሰው ይፈለጋል።

ሦስተኛው ምክንያቴ የእኔው የኑሮ ቦታ ነው። የምጫወተው ከአዲስ አበባ ሆኜ ነው፤ የምንዘምትበት ሰርቨር ያለው አውሮፓ ነው። የአገልግሎቱን ክፍያ በብር መክፈል ስለማይቻል አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ትከፍልልኛለች፤ መንገዱን ግን ማንም ሊያሳጥርልኝ አይችልም። ጓደኛዬ የተመታበት ወሬ ባሕር ተሻግሮ እኔ ዘንድ ይደርሳል፣ መልሴም ያንኑ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። መስመሩ በሚጨናነቅበት ሌሊት ይህ ምልልስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ፈጣን የሚባለው የሆሊ ፈውስ ራሱ ለመድረስ 1 ሰከንድ ተኩል ይፈልጋል። ሁለቱን ደምሩትና እኔ ፈውሴን ባደረስኩ ጊዜ ሰውየው ወድቋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለም? ጋሻ ግን አስቀድሞ ይዘረጋል። ዱላው ከመሰንዘሩ በፊት ከሰውየው ትከሻ ላይ ያርፍና ይጠብቃል። መስመሩ የዘገየበት ሰው በእጁ ፍጥነት መወዳደር አይችልም፤ የቀረለት አስቀድሞ ማሰብ ነው። ዲሲፕሊን እንደ እኔ ከሩቅ ለሚዘምት ሰው የተገባ ዘርፍ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጠበቃ የሌላውን ወገን ክርክር መደበቅ የለበትም። የዘርፌ ተቃዋሚዎች ሁለት ብርቱ ክርክር አላቸው። አንደኛው ስለ ጦረኛው ነው። ከፊት ቆሞ የጠላትን ዱላ የሚቀበለው ጦረኛ ኃይሉን የሚያገኘው ከቁጣ ነው፤ ቁጣው የሚሞላውም ሲመታና ሲማታ ነው። ጋሻ የዋጠው ዱላ ቁጣ አይሰጥም። ቁጣ ያጣ ጦረኛ ደግሞ ጠላትን ከፊቱ አስሮ መያዝ ያቅተዋል፤ ጠላት ፊቱን ወደ አስማተኞቹ አዙሮ ይፈጃቸዋል። ይህ እውነት ነው፤ ያለጊዜው የተዘረጋ ጋሻ ከጠላት ይከፋል። ሁለተኛው የዋጋ ክርክር ነው። 31 ነጥብ ለዲሲፕሊን ያዋለ ካህን የቀሩት 20 ብቻ ናቸውና፣ በሆሊ ዘርፍ ጠለቅ ብሎ የሚገኘውንና ፈውስን ሁሉ በ10 በመቶ የሚያሳድገውን ጸጋ ያጣል። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ አርባውም ይቅርና ፈዋሾቹ ሁሉ ዲሲፕሊን ይሁኑ አልልም። ከፈዋሾቹ መካከል አንድ ሰው፣ ጋሻውን ከጦረኛው አርቆ ገላቸው ስስ ለሆነው አስማተኞችና ለፈዋሾቹ ለራሳቸው የሚዘረጋ አንድ ሰው ይኑር ነው የምለው።

የጨዋታው የኋላ ታሪክም ለእኔ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 በወጣው ራዝ ኦፍ ዘ ሊች ኪንግ በተባለው ክፍል ብሊዛርድ ዘርፉን አጠናክሮ አሰናዳው። ጋሻው ለተዘረጋለት ጦረኛ ያጣውን ቁጣ በመጠኑ የሚመልስለት ዘዴ እንኳ በኋላ ተበጀለት። ሆኖም በዚያ ዘመን የውጊያው መዝገብ ጉዳቱ «ተውጧል» ይል ነበር እንጂ የማን ጋሻ እንደዋጠው አይናገርም ነበር፤ ካህኑም ከሰንጠረዡ ግርጌ አልተነሣም። ይኸው ክፍል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 እንደገና ሲከፈት ግን የጋሻውን ድርሻ መቁጠር ከተለመደ ቆይቶ ነበር። ያን ጊዜ የዲሲፕሊን ካህን ተፈልጎ የሚጠራ ሰው ሆነ። በ2008 እና በ2022 መካከል የጋሻው ሥራ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው።

ይህን ሳስብ የራሳችን ቋንቋ ትዝ ይለኛል። ፉከራችንና ቀረርቷችን የገዳይ ነው፤ ስንት ጣለ፣ ማንን ማረከ እያለ ይቆጥራል። ከጌታው ጎን ጋሻ ተሸክሞ የሚዘምተው ጋሻ ጃግሬ የራሱ ፉከራ ሲወጣለት አልሰማሁም። ይባስ ብሎ ዛሬ ዛሬ «ጋሻ ጃግሬ» የሚለው ቃል ለሎሌ፣ ለአጫፋሪ የሚሰጥ ስድብ ሆኗል። ሌላውን ሊመታ የመጣውን ጦር መክቶ የዋለ ሰው ስሙ እንዴት ስድብ ሆነ? አንድ ምሽት ይህ ቢያንገበግበኝ ሁለት ስንኝ ቋጠርሁለት፤

ገዳይ በግዳዩ ሲዘፈን ሲወራ፣
ቆሞ የገባው ነው የጋሻ ፉከራ።

ነገሩ በቀን ሥራዬም ያጋጥመኛል። በሥራ ቦታ አብራኝ በአጠገቤ መስኮት የምትቀመጥ አንዲት ባልደረባ አለችኝ። ቼክ ሲቀርብላት ፊርማውን ከናሙናው ጋር ሁለት ጊዜ ታስተያያለች። በጽሑፍ የተገለጸውን ገንዘብ ከአኃዙ ጋር ታመሳክራለች፤ ቀኑንም አትዘልልም። በዚህ የተነሣ ወረፋዋ ይረዝማል። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ የሚቆጠረው በቀን ስንት ደንበኛ ተስተናገደ የሚለው ነውና ነጥቧ ከሁላችንም ያንሳል። ከመስኮቷ ተመልሶ የሄደ አጠራጣሪ ቼክ የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። ሒሳቡ ያልተነካበት ደንበኛም ምን እንደተደረገለት ስለማያውቅ ሊያመሰግናት አይመጣም። ባለፈው ግምገማ ዕድገቱ ለሌላ ሲሰጥ ምንም አልተናገረችም፤ በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ መነጽሯን ጠርጋ ፊርማ ማስተያየቷን ቀጠለች። እርሷ ጨዋታ አታውቅም። እኔ ግን ከሰንጠረዡ ግርጌ ስሜን ባየሁ ቁጥር እርሷን አስባለሁ፤ ለማኅበሩ መሪ እምቢ ያልኩ ዕለትም ያበረታችኝ እርሷ ናት ማለት እችላለሁ።

ለመሪው ይህንኑ ሁሉ፣ የባልደረባዬን ነገር ብቻ አስቀርቼ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ጻፍሁለት። አንድ ነገር ብቻ ለመንሁት፤ ከውጊያ በኋላ ማን ስንት ፈወሰ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ስንት ሰው ቆሞ ወጣ ብሎ ይጠይቅ። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን የመለሰልኝ አጭር ነበር፤ ክርክሬ ባያሳምነውም ቦታዬ ይቆይልኝ፣ ነገር ግን ፈዋሽ ሲሞላ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሌሊት ዘምቻለሁ፣ አንዳንድ ሌሊት ከደጅ ቀርቻለሁ።

ሰንጠረዥ አይኑር አልልም። የምተዳደረው በመቁጠር ነው፤ ቀን የዋለው ሒሳብ ማታ ሳንቲሙ ሳይጎድል ካልተዘጋ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። በሒሳብ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ግን መዝገብ የሚያሳየው የተመዘገበውን ብቻ መሆኑን ነው። ያልወረደ ዱላ፣ ያልተመነዘረ ሐሰተኛ ቼክ፣ ያልታመመ ልጅ በየትኛው ዓምድ እንደሚገቡ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራትና መስመር ከፈቀዱ ተሰልፌ እጠብቃለሁ። ከገባሁ የመጀመሪያው ጋሻዬ የሚዘረጋው ከኋላ ለሚቆመው፣ ማንም ለማያየው አስማተኛ ነው።